አክስታችን በክሩዝ መርከብ ጅቡቲ ለአንድ ቀን ይወርዳሉ፤ ከድሬ ሄደን እንዴት እናግኛቸው?

ሳቢያን ሠፈር፦
ሰላም ለመድረኩ። አክስታችን በክሩዝ መርከብ ቀይ ባሕርን ሲያቋርጡ መርከቡ ጅቡቲ ላይ ለአንድ ቀን ይቆማል። ፕሮግራሙ «መድረሻ 08:00፣ መነሻ 17:00» ይላል። ከድሬዳዋ አራት ሆነን ልናገኛቸው ነው። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፣ ጉልበታቸው ብዙ አያስኬዳቸውም። ወደቡ ውስጥ ገብተን መርከቡ ሥር መቀበል ይቻላል? ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ካለን አሳል ሐይቅ ደርሰን መመለስስ? እንጀራና ዶሮ ወጥ ይዘንላቸው ብንሄድ መርከብ ላይ ይዘው መውጣት ይችላሉ? ከተቻለ ደግሞ ድሬ ድረስ አምጥተን ቤቱን አሳይተን ብንመልሳቸው ደስ ይለን ነበር።

ለገሃር ማዶ፦
ከመጨረሻው ልጀምርልህ። ድሬ አምጥቶ መመለስ አይሞከርም። በድሮው ሐዲድ እንኳ ከጅቡቲ ድሬዳዋ 311 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሐል ላይ ድንበር አለ። ከመርከብ ለወረደ መንገደኛ የሚፈቀድለት ደግሞ ከተማውን አይቶ ወደ መርከቡ መመለስ እንጂ ድንበር መሻገር አይደለም።

ዘጠኝ ሰዓት ያልከው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 08:00 ማለት መርከቡ ወደቡን የሚነካበት ሰዓት ነው፤ ሰው የሚወርድበት አይደለም። መጀመሪያ የወደቡና የኢሚግሬሽን ሰዎች ወጥተው መርከቡን «ነጻ» ማለት አለባቸው። ከዚያ በመርከቡ በኩል የተደራጀ ጉብኝት የገዙት ቅድሚያ ይወርዳሉ። በራሱ የሚሄድ ሰው ከነሱ በኋላ ነው፤ ወደቡ ውስጥ በእግር መሄድ ስለማይፈቀድ ደግሞ በሰርቪስ አውቶቡስ እስከ በሩ ይወሰዳል። በሩ ላይ ከ09:00 በፊት አትጠብቃቸው።

በመመለሻው በኩልም ቀኑ ያጥራል። 17:00 መርከቡ ገመዱን የሚፈታበት ነው። ተሳፋሪ ሁሉ ገብቶ ማለቅ ያለበት ከዚያ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው፤ ትክክለኛውን ሰዓት ማታ ማታ ክፍላቸው የሚደርሳቸው የቀን ፕሮግራም ላይ ያገኙታል። 16:30 ነው ብንል እንኳ የሰርቪሱን ጥበቃና የፍተሻውን ሰልፍ ቆጥረህ 15:30 ላይ የወደቡ በር መድረስ አለባቸው። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው ጊዜ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ቀኑን ከመመለሻው ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ አቅዱት።

ደቻቱ፦
የሰዓቱ ነገር ከተነሳ አደራ፣ አቆጣጠሩን አትደባልቁ። ጅቡቲ ከእኛ ጋር የሰዓት ልዩነት የላትም፤ ግን የሚቆጥሩት እንደ ፈረንጅ ነው። ከ24ቱ ላይ ስድስት ቀንስ፦ 09:00 ለእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ 15:30 ደግሞ 9 ሰዓት ተኩል። «በሦስት ሰዓት በሩ ላይ» ብለህ በስልክ ብትነግራቸውና እሳቸው ውጭ አገር ስለኖሩ 15:00 ብለው ቢረዱት ቀኑ አለቀ ማለት ነው።

ሌላ ወጥመድ አለ። መርከብ የራሱ ሰዓት አለው። ከሳላላ የሚመጣ ከሆነ ኦማን ከጅቡቲ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ካፒቴኑ ሰዓቱን ካላስተካከለ የመርከቡ 17:00 ለጅቡቲ 16:00 ነው። ስልካቸው ደግሞ መሬት ሲነካ ራሱ የጅቡቲን ሰዓት ይይዛልና አንድ ሰዓት ሙሉ የተረፋቸው ይመስላቸዋል። የእጅ ሰዓት በመርከቡ ሰዓት ይሙሉና ከመውረዳቸው በፊት መውጫው ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ያንብቡ።

ቀፊራ፦
የናንተን የድሬዎቹን ጉዞ ማንም አላነሳም። ሁሉም ፓስፖርት ይኑረው፣ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው። ቪዛ ያስፈልጋል፤ በኢንተርኔት ይሞላል፣ ድሬም የጅቡቲ ቆንስላ ስላለ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። ከኢትዮጵያ ለሚገባ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋህ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት የሚሮጥ ሰው ካርድ ይዞም ሊመለስ ይችላል።

ባቡሩ በየቀኑ አይደለም። መርከቡ የሚገባበትን ቀን ከባቡሩ ቀን ጋር አስተያዩና ከመርከቡ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። ናጋድ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ በኤርፖርቱ በኩል ነው፣ ታክሲ ያስፈልጋል። የሌሊት አውቶቡስም በደወሌ በኩል አለ፤ በጅቡቲ በኩል ያለው ድንበር፣ ጉሊሌ ላይ፣ የፓስፖርት ሰልፉ መቼ እንደሚያልቅ ግን ማንም አይነግራችሁም። «ሌሊት ተነስተን ጠዋት በሩ ላይ እንገኛለን» የሚለው ስሌት የሚፈርሰው እዚያ ነው። ከቀይ ባሕር ሁኔታ የተነሳ ከ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወዲህ ብዙ የክሩዝ ኩባንያዎች መስመር ቀይረዋልና ገንዘቡ የማይመለስ የሆቴል ክፍያ አትክፈሉ። በመጨረሻው ሳምንት የመርከቡን ስም ማሪን ትራፊክ የሚባለው የመርከብ መከታተያ ድረ ገጽ ላይ እያስገባችሁ የት እንደደረሰ ተመልከቱ።

ሳቢያን ሠፈር፦
እናመሰግናለን፣ የቢጫ ወባውን ጨርሶ አላሰብነውም። ወደቡ ውስጥ መግባትስ?

ለገሃር ማዶ፦
አይቻልም። የውስጥ ፈቃድ የሌለው ሰው በሩን አያልፍም፣ ዘመድ ነኝ ማለትም አይሠራም። መጠየቅ ያለባችሁ የትኛው ወደብ ላይ እንደሚቆም ነው። አሮጌው ወደብ ለመሐል ከተማው ቅርብ ነው፣ ከበሩ እስከ ምኒልክ አደባባይ በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ነው። በ2017 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የተከፈተው የዶራሌው ወደብ ግን ከከተማው ወደ ምዕራብ ወጣ ይላል፣ መንገዱም የከባድ መኪና መንገድ ነው። በተሳሳተው በር ከቆማችሁ አንድ ሰዓት ይቃጠላል። የመርከቡ የጉብኝት ዴስክ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ስለሚያውቀው እሳቸው ይጠይቁላችሁ። የሰርቪሱ ማውረጃ የወደቡ በር ነው ወይስ መሐል ከተማ የሚለውንም አብረው ይጠይቁ፤ አንዳንዱ መርከብ ከተማ ድረስ ያደርሳል።

የጅቡቲን ቪዛ የክሩዝ ኩባንያው ለተሳፋሪው ሁሉ ይጨርሳል ወይስ እያንዳንዱ ለራሱ ያወጣል የሚለው በያዙት ፓስፖርት ይለያያል። ይሄንን ከመሳፈራቸው በፊት በጽሑፍ ያረጋግጡ። ፓስፖርታቸውን መርከቡ ይዞት ከሆነ ኮፒውንና የመርከቡን ካርድ ይዘው ይውረዱ። ካርዱ ከጠፋ መመለሻው ላይ ትልቅ ጣጣ ነው፤ አንገት ላይ በሚንጠለጠል መያዣ ቢያደርጉት ይሻላል።

ሸዋ በር፦
የጉልበታቸው ነገር አሳሰበኝ። ከመርከቡ የሚወርዱበት መሰላል ቁልቁለቱ እንደ ባሕሩ ውሃ ከፍታ ይለዋወጣል። ጠዋት ለጥ ብሎ የነበረው ከሰዓት በኋላ ቀጥ ሊል ይችላል። ሠራተኞቹ ደግፈው ያወጣሉ፣ ግን መጠየቅ አለባቸው። ተሽከርካሪ ወንበር የሚፈልጉ ከሆነ የመርከቡ ወንበር አብዛኛውን ጊዜ ለመውጫና ለመውረጃ ብቻ ነው፣ ከተማ አይወጣም። ድሬ ላይ የሚታጠፍ ወንበር ተውሳችሁ ብትሄዱ ታክሲ ኋላ ይገባል። የመሐል ከተማው መሬት ሜዳ ነው፤ አስቸጋሪው የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ከፍ ማለቱና አንዳንድ ቦታ መሰባበሩ ነው።

ምሥራቅ መስመር፦
አሳልን በተመለከተ ልናገር፣ መንገዱን ስለማውቀው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ነው፣ ዳርቻው ነጭ ጨው ነው፣ ማየትም የሚያስቆጭ አይደለም። ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዌአን አልፎ ወደ ታጁራ እስከሚታጠፈው መገንጠያ ድረስ መንገዱ የኛ ከባድ መኪናዎች ሁሉ ወደ ጋላፊ የሚወጡበት ነው። ሁለት ሰዓት ያዝለት። በሦስት ሰዓት ከበሩ ብትነሱ አምስት ሰዓት አልፎ ትደርሳላችሁ፣ አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ስትመለሱ ስምንት ተኩል ይሆናል። ወረቀት ላይ ያዋጣል። ግን አንድ ተሳቢ ዳገት ላይ ከተበላሸ ወይም ከተገለበጠ መንገዱ ይዘጋል፤ አማራጭ መንገድ የለም።

የመርከቡን ጉብኝት የገዛ ሰው ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል። በዘመድ መኪና የሄደ ቢዘገይ ግን አይጠብቀውም። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ጀጎል 5 በር፦
እኔ ግን ይቻላል ባይ ነኝ። በጥሩ ላንድክሩዘር፣ ሹፌሩ የጅቡቲ ሰው ሆኖ፣ አሥራ አንድ ሰዓት የሚወጣ መርከብ ሳይሆን ማታ የሚወጣ ከሆነ። አንዳንዱ መርከብ እስከ ምሽት ይቆማል። ያኔ ለእያንዳንዱ ሰው አምስት ሊትር የመታጠቢያ ውሃ ያዙ፤ ጨዋማነቱ ከባሕር አሥር እጥፍ ገደማ ስለሆነ ቆዳ ላይ ሲደርቅ ይነድዳል። ጨዉ እግር ይቆርጣል፣ ጫማ አይወለቅ። ቁስል ያለበት አይግባ።

ምሥራቅ መስመር፦
ማታ የሚወጣ ቢሆን እስማማለሁ። እዚህ የተጠየቀው ግን የ17:00 መርከብ ነው፣ የሰባ ዓመት እናት ናቸው፣ ጉልበታቸውም ያማቸዋል። ጨዉ ላይ መራመድ ለጤነኛ ጉልበትም አይመችም። አራት ሰዓት መኪና ውስጥ ከሚያሳልፉ ከናንተ ጋር ተቀምጠው ይጫወቱ።

ደቻቱ፦
ትክክል። ሙሻ ደሴትም እንደዚሁ ይቅር፤ በጀልባ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ከተማው ውስጥ ያለው የሲየስታ ባሕር ዳርቻ ውሃው ሲሸሽ ጭቃ ሜዳ ነው፣ ለዋና አትመኙት።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ። ቀድማችሁ ስለምትገቡ የምትይዙት ሆቴል መሐል ከተማ፣ ሊፍት ያለው ወይም ምድር ቤት ክፍል ያለው ይሁን። ዋጋው ከድሬ ሆቴል በጣም ይበልጣል፣ ተዘጋጁ። ግን ያ ክፍል ለእሳቸው ማረፊያ፣ መጸዳጃና ኤሲ ማለት ነው። ከወደቡ በር በታክሲ ቀጥታ ወደ ምኒልክ አደባባይ። የዛሬ መጠሪያው የነጻነታቸው ቀን ነው፣ 27 ጁን 1977፤ ሰው ግን አሁንም ምኒልክ ነው የሚለው። በቅስት በተሠሩት ነጫጭ ቤቶች ሥር ጥላ አለ፣ ቡና ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ከዚያ በ1906 የተሠራውን የሐሙዲ መስጊድ ከውጭ እዩት፣ ገበያው እዚያው አጠገቡ ነው። አሮጌው የባቡር ጣቢያ ደግሞ ለድሬ ሰው የግድ ነው፤ ሐዲዱ ከዚያ ተነስቶ ነው በ1902 ድሬ የደረሰውና ከተማችንን የፈጠራት። አክስታችሁ የድሬን ለገሃር ካወቁ ታክሲውን በፊቱ አቁሙላቸው፣ መውረድ እንኳ አያስፈልግም።

ፎቶ ላይ ተጠንቀቁ። ወደቡን፣ የወታደር ሠፈሮችን፣ ኤርፖርቱንና የመንግሥት ሕንጻን ማንሳት ክልክል ነው። መርከቡን ከበሩ ላይ ለማንሳት ስልክ ያወጣ ሰው በጥበቃ ተጠርቶ ሲያስረዳ ጊዜው ይሄዳል። ለቤተሰብ ፎቶ አደባባዩ ይበቃል።

ቀፊራ፦
ምሳ የየመን ዓሣ ይሁን፣ ለዚህ እከራከራለሁ። ዓሣው ሲመጣ ከእነ አጥንቱ በጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ተከፍቷል፣ ቀይ ቅመም ተቀብቷል። ረጅም ብረት ላይ ሆኖ ወደ ጥልቁ የሸክላ ምድጃ ይወርዳል፣ ቆዳው ጠቁሮ ውስጡ እንዳረጠበ ይወጣል። ቂጣውን እዚያው ምድጃ ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል፤ ስፋቱ ከገበታ ይተርፋል፣ በወረቀት ላይ አድርገው ያመጡታል። ሙክባዛ የሚሉት ደግሞ ቂጣው ከሙዝና ከማር ጋር ተፈትፍቶ ነው፣ ጥርስ ለማይመቸው ሰው እንኳን ይሆናል። ለአምስት ሰው ሁለት መካከለኛ ዓሣ፣ አራት ቂጣና አንድ ሙክባዛ ይበቃል። ዓሣው በመጠኑ ስለሚሸጥ ከመጠበሱ በፊት አሳዩን በሉና ዋጋውን ስሙ። አጥንቱ ሙሉውን በአንዱ ጎን ስለሚቀር ለእሳቸው ከሌላው ጎን አንሱላቸው።

6 ሰዓት ላይ ተቀመጡ። ከ7 ሰዓት ጀምሮ ከተማው ይዘጋል፣ ሱቁ እስከ 10 ሰዓት አይከፈትም። ጫቱ ከኛ አገር የሚደርሰውም በዚያው አካባቢ ስለሆነ መንገዱ ይጨናነቃል፣ ባለታክሲውም ይቸኩላል። የመመለሻውን ታክሲ ከጠዋቱ ሹፌር ጋር ተነጋግራችሁ ቀጥሩት፤ ሒሳቡን ደግሞ ወደቡ በር ላይ ስጡት፣ ቀድማችሁ አትክፈሉ። አረንጓዴና ነጭ ታክሲዎች ሜትር የላቸውም፣ ዋጋ ሳይቆረጥ አይገባም። ዓርብ ከዋለ የዕረፍት ቀን ነው፣ ገበያው ይቀዘቅዛል። ረመዳን ከሆነ ቀን ምግብ ቤት የለም፣ ሆቴላችሁን ጠይቁ።

ሸዋ በር፦
ለብር የሚጨነቅ ካለ፦ የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 እንደ ፈረንጅ ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ የአሁኑ ተመን 177.721 ግን ከ1973 ወዲህ ነው። 100 ዶላር 17,700 ፍራንክ ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ሺህ ፍራንክ ሲጠሩላችሁ አምስት ዶላር ከግማሽ በላይ መሆኑን አስቡ፤ በብር ልማድ «ሺህ ብቻ» ብሎ መስማማት ያስቆጫል። ገበያው አካባቢ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚመነዝሩት ሴቶች፣ ሰሪፍሌ የሚባሉት፣ ሒሳባቸው ፈጣንና ግልጽ ነው። ሶማልኛ የምትችሉ ካላችሁ እሱ ይቅደም፣ ከፈረንሳይኛ ይልቅ ይቀርባል።

ሳቢያን ሠፈር፦
የምግቡና የስጦታው ነገርስ? እናቴ ዶሮ ወጡን ልትሠራ ነው።

ጀጎል 5 በር፦
እናትህን አታሳዝን፣ ግን እውነቱን ንገራት። ክሩዝ መርከብ ቤት የተሠራ ምግብ አያስገባም፤ መውጫው ላይ ቦርሳ በማሽን ይታያል፣ ይወሰዳል። መሬት ላይ ለመብላት ይዛችሁ ብትሄዱም ዶሮ ወጥ ከድሬ ተነስቶ በዚያ ሙቀት አድሮ እስከ ማግስቱ ምሳ አስተማማኝ አይደለም። ለመንገድ የሚሆነው ድርቆሽ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ ነው። ወጥ ካማራቸው ጅቡቲ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም። የሐረሩን ጣፋጭ ሙሸበክ ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን ሆቴሉ ክፍል ውስጥ አብራችሁ ጨርሱት፤ ዘይቱ ስለሚወጣ ወረቀቱን ሁለት ድርብ አድርጉ።

መርከብ ላይ የሚወጣው ፋብሪካ የታሸገ ነገር ነው። የሐረር ቡና ተቆልቶና ተፈጭቶ፣ የፋብሪካ ጽሑፍ ባለው እሽግ። ጥሬ ቡና ጥያቄ የሚያስነሳበት አገር አለ። ጀበና ይሄዳል፣ በነጠላ ጠቅልሉት። የከሰልና የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የዕጣን ማጨሻ ግን እሳት ነው ተብሎ ይያዛል። የሐረር ስፌት የሣር ሥራ ስለሆነ አገራቸው ሲገቡ ለጉምሩክ ይናገሩ። ጫት ደግሞ አንዲት ቅጠል እንኳ ቦርሳቸው ውስጥ እንዳትገባ፤ አሜሪካ ክልክል ነው፣ እንግሊዝም ከ2014 እንደ ፈረንጅ ጀምሮ ከልክላለች። ሰው ለምርቃት ብሎ ሊሰጣቸው ስለሚችል አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ለገሃር ማዶ፦
ስለ ስልኩ ልጨምር። መርከቡ ላይ እያሉ ስልካቸው የመርከቡን የሳተላይት ኔትወርክ ከያዘ ሒሳቡ ያስደነግጣል፤ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን። እናንተ ጅቡቲ ስትገቡ የጅቡቲ ቴሌኮም ሲም አውጡና ቁጥሩን ላኩላቸው፣ ኮዱ 253 ነው። ያም ሆኖ ስልክ ባይሠራስ ብላችሁ አስቡ። አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ተለዋጭ ቦታ ተስማሙ፦ በመጀመሪያ የወደቡ በር ከውጭ በኩል፣ እስከ 11:00 እንደ ፈረንጅ ካልተገናኛችሁ ሆቴሉ መግቢያ። የሆቴሉን ስም በፈረንሳይኛ የተጻፈበት ወረቀት ይኑራቸው፣ ለታክሲ ያሳያሉ።

መርከቡ ካመለጣቸው የሚደረገውንም ይወቁ። ቀን ፕሮግራሙ ላይ የወደቡ ወኪል ስምና ስልክ ይጻፋል። ፎቶ ያንሱትና ለናንተም ይላኩ። ሰው ከቀረ መርከቡ አብዛኛውን ጊዜ ፓስፖርቱን ለወኪሉ ጥሎ ይሄዳል፣ ወደሚቀጥለው ወደብ የሚሄዱበት የአውሮፕላን ትኬት ግን በራሳቸው ወጪ ነው። መድኃኒታቸውን የአንድ ቀን ሳይሆን የሦስት ቀን ይዘው ይውረዱ።

ሳቢያን ሠፈር፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። አሳልን ሰርዘናል፣ ዶሮ ወጡን ለእናቴ እኔ እነግራታለሁ። ለአክስቴ ልልክ ያሰብኩት መልእክት፦ «እትዬ፣ ከወደቡ በር ውጭ በሦስት ሰዓት እንጠብቅዎታለን፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው አለ። የመርከቡን ካርድ፣ የፓስፖርት ኮፒ፣ መድኃኒት ይያዙ። በዘጠኝ ተኩል በሩ ላይ እናደርስዎታለን።»

ደቻቱ፦
«በሦስት ሰዓት» የሚለውን «09:00» ብለህ ጻፈው፣ «ዘጠኝ ተኩል» የሚለውን ደግሞ «15:30»። አጠገቡ «የጅቡቲ ሰዓት» በል። ነጭ ጋቢውም ይቀየር፤ በር ላይ ነጭ የለበሰ ሰው ብዙ ነው። ስማቸውን በትልቁ በካርቶን ላይ ጻፉ።